የእናቴን ፊት ከፀሐይ ስደብቅ

የፊት ቁስል ፀሐይ ካገኘው ጠቁሮ ይቀራል። ቁስሉ ቢድን እንኳ ጥቁረቱ አይለቅም። ይህን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። የዛሬ ልጆች ቅባት ተለቅልቀው፣ ጃንጥላ ዘርግተው ሲወጡ ባያቸው አልስቅባቸውም። እኔም በአሥራ አራት ዓመቴ አንድ ፊት ከፀሐይ ስጠብቅ ወራት አሳልፌያለሁ። ፊቱ የእኔ አልነበረም፤ የእናቴ ነው።

ጣልያን አዲስ አበባ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። እኛ ልደታ ነው የምንኖረው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ አውሮፕላን የሚያርፍበት ሜዳ ከሚታይበት ላይ። አባቴ ከወረራው በፊት በንዳድ ሞቷል። እናቴ ሜዳው አጠገብ ለሰፈሩት መኮንኖች ልብስ ታጥባለች፤ እኔ አሰጣለሁ፣ አጥፋለሁ። ያለኝ አንድ ወንድም ጫካ ገብቷል። ለሰው ግን "ጅማ ለንግድ ሄዷል" ነው የምንለው። ከአጥራችን ማዶ ያለው ጎረቤት ባንዳ ነበርና ይህችን ውሸት እኔና እናቴ እንደ ዳዊት ደጋግመን አጥንተናታል። ልጁ አርበኛ መሆኑ የታወቀበት ሰው ምን እንደሚደርስበት በዓይናችን አይተናል። ቤቱ ይቃጠላል፣ እሱም ይሰቀላል።

ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ረፋዱን አንዲት እንጨት ሻጭ ደጃችን ላይ ሸክሟን አወረደች። የምትመጣው ከመናገሻ ጫካ ነው፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ "ደኅና ነው" የሚል ቃል ከወንድሜ አምጥታልናለች። የዚያን ቀን እንጨቱን እየፈታች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ "ልጅሽ ወድቋል። ሬሳውን ማንሳት አልተቻለም" አለች። ገመዷን ጠቅልላ ሄደች። ምን ታድርግ፣ እሷም ነፍስ አላት።

እናቴ ወደ ጓዳ ገባች። ተከትያት ስገባ መሐል ላይ ቆማ በሁለት እጇ ጥፍር ፊቷን ከቅንድቧ ጫፍ እስከ ጉንጯ ነጨችው። ደገመችው። ያስፈራኝ ደሙ አይደለም፤ ድምፅ አለማውጣቷ ነው። ባንዳው ከአጥሩ ማዶ ከሚስቱ ጋር ሲሳሳቅ ይሰማናል። እኔ የማውቀው ለቅሶ ሌላ ነው። ሴት ልጅ ሞቶባት ፊቷን ስትነጭ አገር አብሯት ይጮኻል፣ ጎረቤት ተረባርቦ እጇን ይይዛታል። የእናቴን እጅ የያዝኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ እሱንም ዘግይቼ።

ለወንድሜ እንኳ አላለቀስኩም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የታየኝ ፊቷ ነው። ጣልያን ይህን ምልክት አያውቀውም፤ አብሮት የሚውለው አስተርጓሚ ግን ያገር ሰው ነው። በግራ በቀኝ የተነጨ ፊት ሲያይ ሰው እንደሞተባት ያውቃል። ማን ሞተባት? ለምንስ ተደብቃ አለቀሰች? ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሰብ አልፈለግሁም።

ወደ ጓሮ ሮጥኩና ዳማከሴ ቆርጬ መጣሁ። ፀሐይ ላይ ውሎ ምች የመታው ሰው ፊቱ ይቆስላል፤ መድኃኒቱ ዳማከሴ መሆኑን ደግሞ የማያውቅ የለም። ቅጠሉን በመዳፌ አሽቼ ጭማቂውን ቁስሏ ላይ ቀባሁት። ማቃጠሉስ መቼ ይቀራል፤ እሷ ግን ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

"ምች ነው የመታሽ። ሰማሽ፣ እማዬ? ማንም ቢጠይቅሽ ምች ነው" አልኳት።

ሁለት ቀን "ታማለች" እያልኩ ብቻዬን ሠራሁ። በሦስተኛው ቀን መኮንኖቹ ወደ ግቢያቸው አስጠሯት፤ አብሬያት ሄድኩ። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ቆመች። አንዱ መኮንን ሲያያት ፈንጣጣ ይዟት ልብሱ ላይ የምታራግፍበት መሰለው መሰለኝ፣ ወደ ኋላ ሸሽቶ ጮኸ። አስተርጓሚው "ግለጪ!" አላት። ገለጠች።

አቤት! የእኩለ ቀን ፀሐይ እላይዋ ላይ ወረደ፤ መስመሮቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። አስተርጓሚው ቀረብ ብሎ አያቸው።

"ምች ነው ጌታዬ" አልኩ። "ፀሐይ ላይ ስታጥብ ሰንብታ ነው። ዳማከሴም አድርጌላታለሁ፣ ያሽትቱት።"

እኔን አየኝ፣ እሷን አየ። ከዚያ ለመኮንኑ በቋንቋቸው ነገረው፤ "ሶሌ፣ ሶሌ" ሲል ሰማሁ። ፀሐይ ማለት መሆኑን ያን ጊዜም አውቃለሁ። መኮንኑ ሳቀና ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የነበረ የሰሌን ባርኔጣ አውርዶ በገዛ እጁ እናቴ ራስ ላይ ደፋው። በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጇን የገደሉባት ሰዎች ፀሐይ እንዳይመታት አዘኑላት! እሷም እጅ ነሳች።

አስተርጓሚው ሲያልፍ አጠገቤ ጎንበስ አለና፣ "ምልክት እንዳይቀርባት አድርጊ። ዛሬ አላየሁም። ጠባሳው ጠቁሮ ሌላ ሰው ካየው ግን እኔ የለሁበትም" አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀሐይ ጠላቴ ሆነች። ማጠቢያውን ገንዳ ከግቢያቸው መሐል ጎትቼ ከጣሪያው ሥር አስገባሁት፤ ጥላው ሲዞር እኔም ገንዳውን አዞራለሁ። ማስጣቱን ሁሉ እኔ ወሰድኩት። ውኃ መቅዳትም፣ ገበያ መሄድም፣ ደጅ የሚያስወጣ ሥራ የተባለ ሁሉ የእኔ ሆነ። ጧት ጧት ቁስሏን አጥቤ ማር እቀባለሁ፤ ቅርፊቱ ሲነሳ በማሩ ፈንታ ለጋ ቅቤ። ቅቤው እንደ ልብ አይገኝምና ለራሴ ጠጉር የሚሆን አልተረፈኝም፤ አናቴ እንደ ኩበት ደርቆ ነበር። ያንን ባርኔጣም ግቢያቸው ውስጥ ካላደረገች ስለሚጠይቁ ታደርገዋለች። ቤት ስንገባ አውልቃ መሬት ላይ ትጥለዋለች፤ እኔ አነሳዋለሁ።

እሷ ግን አታግዘኝም ነበር። ዘወር ስል ቅርፊቱን ትፍቀዋለች። አንድ ቀን በሥራዋ ላይ ያዝኳት፤ በጥፍሯ ግራውን መስመር እንደ አዲስ አድምታዋለች። አበድኩ። እንደ ሕፃን እጇን መታሁት።

"ሁለታችንንም ልታስጨርሺ ነው? እሱ አይበቃም?" ብዬ ጮህኩባት።

እናትን መምታት! አፈር ልብላ። እሷ አልተቆጣችም። የመታሁትን እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። እኔም የሐዘን ግትርነት መሰለኝና ከዚያ በኋላ ጥፍሯን ራሴ መቁረጥ ጀመርኩ።

ሰኔ መጣ፣ ደመናው ወረደ። ፀሐይ ስትጠፋ እንደ እኔ ደስ ያለው በልደታ ሰፈር አልነበረም። መስከረም ሲጠባ የእናቴ ፊት ጥርት ብሏል። ጠባሳ የለ፣ ጥቁረት የለ። አስተርጓሚው አንድ ቀን አይቷት ራሱን ዝቅ አድርጎ ብቻ "ደግ አደረግሽ" አለኝና አለፈ። ድኅነታችን በእጄ ተሠርቷል ብዬ ኮራሁ። እውነቴን ነው፣ ኮራሁ። ለወንድሜ ለማልቀስ ጊዜ ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱንም ነጠላ ነክሼ።

ጣልያን ሲወጣ አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቶኛል። በየቤቱ የታፈነ ለቅሶ ወጣ። እኛም ዳስ ጣልን፣ እናቴ ከል ለበሰች፣ የወንድሜ ስም በአደባባይ ተጠራ። የአባቴ እኅት ከገጠር መጣች። እሷም ልጇ በዚያው በጫካ ወድቆባታል፤ ከዓይኗ ግራና ቀኝ የወረደው ጥቁር መስመር ከሩቅ ይታያል። እናቴን አቅፋ አለቀሰች። ከዚያ አገጯን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረቻት።

"ምነው ፊትሽ?" አለች። "ለመሆኑ አልቅሰሽለታል?"

እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እኔ ነኝ ከመሐል ተነስቼ ሁሉንም የተናገርኩት፤ ዳማከሴውን፣ ባርኔጣውን፣ ማሩን፣ ጥላውን። አክስቴ እናቴ ጉልበት ላይ ወድቃ ይቅርታ ጠየቀች። ሴቶቹ "ይህች ልጅ እናቷን አተረፈች" እያሉ መረቁኝ። ነገሩ በዚህ ያለቀ መሰለኝ።

ማምሻውን ለቀስተኛው ወጣ። እኔና እሷ ብቻ ቀረን። ሰሌኑን እየጠቀለልኩ ሳለሁ ጠራችኝና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጣቷን ከዓይኗ ጎን ወደ ጉንጯ ስባ ወሰደች፣ መለሰች፣ ደግሞ ወሰደች። መስመሮቹን እየፈለገች ነበር። ቅርፊቱን ትፍቀው የነበረው ምልክቱ እንዳይጠፋባት መሆኑ ያኔ ገባኝ።

"ሬሳውን አላየሁ፣ መቃብር የለው" አለች። "ልጄ፣ አንዷን እንኳ ብትተዪልኝ ምን ነበረበት?"

"ይሰቅሉሽ ነበር፣ እማዬ" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። "አውቃለሁ። አንዷን ብቻ።"

ብትቆጣኝ እችለው ነበር። እየለመነችኝ ነበር፣ አሁንም ልሰጣት የምችል ይመስል።