የኔል ሃርከር አንካሳ ቀበሮ

ኔል ሃርከር ከስካርቤክ መንደር በላይ ባሉት ጠባብ የገጠር መንገዶች ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ፖስታ አመላልሳለች። ቀይዋን መኪና እየነዳች ጎህ ሲቀድ ትወጣለች። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ የምታገኘው አንድ ቀበሮ ብቻ ነበር። የኋላ ቀኝ እግሩ ያነክሳል፣ የአንድ ጆሮው ጫፍም የለም። መንገዱ ላይ ያለው ድልድይ ጋ ሲደርስ አይሮጥም፤ ቆም ብሎ መኪናዋን ያያል፣ ከዚያ እንደ ጡረተኛ ወታደር እያነከሰ በዝግታ ይሻገራል። ስለዚህ "ሻለቃ" የሚል ስም አወጣችለት። አራት ዓመት ሙሉ "እንደምን አደርክ፣ ሻለቃ" ሳትለው ያለፈችበት ጠዋት ጥቂት ነው።

ሞተው ያገኘቻቸውን እንስሳት ማንሳት የጀመረችው ግን ከሻለቃ በፊት ነው። መኪና የገጨው ጥንቸል ተዘርሮ ስታይ በላዩ ላይ ለመንዳት አንጀቷ አይችልም። መጀመሪያ እያነሳች አጥር ሥር ታደርጋቸው ነበር። አንድ ቀን ያነሳችው ጥንቸል ግን ጠጉሩ ምንም ያልተበላሸ፣ ጆሮዎቹም ቀጥ ያሉ ነበሩና "ይህንንስ ለቁራ አልሰጥም" ብላ ይዛው ወደ ኤሞስ ቤት ሄደች። ኤሞስ የደን ጠባቂ የነበረ፣ ሰማንያ ያለፈው ሽማግሌ ነው። የሞተ እንስሳ ቆዳ ገፍፎ፣ አልፍቶ፣ ከእንጨት ፍቅፋቂ በሠራው አካል ላይ መልሶ እያለበሰ፣ በሕይወት እንዳለ አድርጎ ማቆም ያውቅበታል። ሁለት የብርድ ወራት ሙሉ አስተማራት።

"ቢላውን አትጫኚው" ይላት ነበር። "ቆዳው ራሱ መንገዱን ያሳይሻል። አንቺ ተከተዪው እንጂ አትምሪው።"

አንድ ሕግ ግን የራሷ ነው። ኤሞስ አላስተማራትም፤ እሱማ በጊዜው ብዙ ተኩሷል። ለእሷ ሥራ ተብሎ አንድም ነፍስ አይጠፋም። መኪና የገጨው፣ ከመስኮት ጋር የተላተመ ወፍ፣ ድመት የያዘችው፣ አርጅቶ የሞተ፤ ከዚያ ውጭ አትነካም። መንደርተኛው ይህን ካወቀ ወዲህ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ደጇ ላይ እያስቀመጠ መሄድ ለመደ።

ባሏ ክሊፍ ዝምተኛ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። በዚህ ጉዳይ የተናገረው አንድ ቀን ለእራት አተር ሊያወጣ ፍሪዘሩን ከፍቶ ከሞተ ጉጉት ጋር ሲፋጠጥ ብቻ ነው።

"አንቺ ሴትዮ፣ አተሩ የት ሄደ?"

"ከጉጉቱ ሥር ነው።"

"ጉጉቱስ እስከ መቼ ነው እንግድነቱ?"

"እስከ ፋሲካ። አሁን ጊዜ የለኝም።"

"እንግዲያው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሪልኝ። ያፈጥጥብኛል።"

በኅዳር አንድ ማለዳ ሻለቃ ድልድዩ ላይ ቆሞ አልጠበቃትም፤ ተኝቶ ነበር። ቀድሞ ያለፈ መኪና ገጭቶታል። ኔል ወርዳ እጇን ደረቱ ላይ ብታኖር ቀዝቅዟል። ካፖርቷን አውልቃ ጠቀለለችው። የዚያን ቀን ፖስታው ሁሉ አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ደረሰ። ለምን እንደዘገየች ለጠየቃት ሰው "ጎረቤት ሞቶብኝ" አለችው፤ ከዚያ ወዲያ የጠየቃት የለም።

ቆዳውን ስትገፍ አንካሳው እግር ላይ ደረሰች። ጭኑ ውስጥ ምስር የሚያካክሉ ሦስት የጠመንጃ እርሳሶች አገኘች፤ አጥንቱም ተሰብሮ፣ ተጣሞ ገጥሟል። አንድ ሰው ከዓመታት በፊት ተኩሶበታል ማለት ነው። እርሳሶቹን በክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀመጠች፤ ለማንም አላወራችም። ሻለቃን አቁሞ ለመጨረስ አምስት ወር ፈጀባት። የተቆረጠ ጆሮውን አልሞላችውም፣ እግሩንም አላቃናችውም።

በዓመቱ ለእንዲህ ያለ ሥራ ወደሚደረግ ውድድር ይዛው ሄደች። ዳኛው ጥንቁቅ ሰው ነበር፤ በትንሽ ባትሪ የአፍንጫውን ቀዳዳ ሳይቀር መረመረ።

"እመቤቴ፣ ፊቱ እጅግ ያምራል" አላት። "የኋላ እግሩ ግን ሚዛኑን ስቷል። ጆሮውንም ሊጠግኑት ይገባ ነበር።"

"በሕይወቱም እንዲሁ ነበር።"

"ይገባኛል። እኛ ግን የምናየው ቀበሮ ምን እንደሚመስል ነው።"

"እኔ ቀበሮ አልሠራሁም" አለች ኔል። "እሱን ነው የሠራሁት።"

ሽልማት ሳታገኝ ተመለሰች። ክሊፍ በሩን ከፈተላትና "እንዴት ሆነ?" አላት።

"እግሩን አልወደዱለትም።"

ክሊፍ ቀበሮውን ዞሮ ዞሮ አየው። "እሱም አልወደደው ይሆናል። ግን ሄደበት" አለና መኪናውን ሊያስገባ ወጣ።

የስካርቤክ ቤተ መጻሕፍት ቀድሞ ጸሎት ቤት ነበር። ኃላፊዋ ሮዌና ሠላሳ ያልሞላት፣ ሥጋ የማትቀምስ ሴት ናት። ኔል ጡረታ በወጣች ሰሞን መጥታ ሥራዎቿን ሁሉ አየች።

"እትዬ ኔል፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ለዚህ ብለው የገደሉት አለ?"

"አንድም የለም።"

"ሰው ግን እንዴት ብሎ ያምናል?"

"የእያንዳንዳቸውን አሟሟት አውቀዋለሁ፤ ቀኑንም ቦታውንም።"

"እንግዲያው እሱን እንጻፋ። ጽፈን ለሰው እናሳይ።"

በዚህ ተስማሙ። ጥንቸሉ አጠገብ "የወተት መኪና፣ ከድልድዩ ማዶ መታጠፊያው ላይ" ተብሎ ተጻፈ። ድንቢጧ አጠገብ "የሐኪሙ ቤት የወጥ ቤት መስኮት"። ኔል ከሞቱ ቁራዎች ላባና አጥንት የጎነጎነችው ትልቅ አክሊል ግን አንድ ገጽ ሙሉ ወሰደ፤ አሥራ አራት ቁራዎች ነበሩበት።

ቅዳሜ ትርኢቱ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሲከፈት ሰው ጎረፈ። ኔል ስለ ቆዳው፣ ስለ መስታወት ዓይኑ የሚጠይቋት መስሏት ተዘጋጅታ ነበር። ሰዉ ግን ሻለቃን አወቀው። ዳቦ ጋጋሪዋ "ይሄ እኮ የእኛን ቆሻሻ በርሜል የሚገለብጠው ነው" አለች። የሐኪሙ ሚስት ዘመድ የሞተባት ያህል ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ለካስ በየሳምንቱ እንቁላል ታስቀምጥለት ኖሯል። እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ስም አውጥቶለታል። ኔል አራት ዓመት የእሷ ብቻ ይመስላት ነበር፤ ትንሽ ቀናች፣ ከዚያ ሳቀች።

ከሰዓት በኋላ ሲድ መጣ። የላይኛው እርሻ ባለቤት፣ ሰባ የሞላው፣ ማንም ደፍሮ የማይቀልድበት ገበሬ ነው። ኮፍያውን አውልቆ ቀበሮው ፊት ቆመ።

"አንተ ሌባ" አለው ዝግ ብሎ። "አሥራ አንድ ዶሮ።"

ከዚያ ጽሑፉን አነበበ፤ "መኪና፣ ኅዳር፣ ድልድዩ ላይ። እግሩ ቀድሞ ተጎድቶ የዳነ ነው" ይላል።

"ኔል።"

"አቤት፣ ሲድ።"

"ይቺ እግር የእኔ ሥራ ናት።"

ኔል ቀረብ አለችው።

"በዶሮዎቹ ጊዜ ነው። ተኮስኩ፣ ወደቀ፣ ተነሥቶ አጥር ዘለለ። ሁለት ቀን ፈልጌ አጣሁት። ቢሞት ሞተ ነው፤ ቆስሎ መሄዱ ነው የከነከነኝ። በኋላ እያነከሰ ሲያልፍ አየሁት። ጠመንጃው እጄ ላይ ነበር።"

"አልተኮስክም?"

"ምን ብዬ? እሱ ዶሮዬን በላ፣ እኔ እግሩን። እኩል ሆነናል አልኩ።"

"እርሳሶቹ እኔ ጋ አሉ" አለችው ኔል። "ትወስዳቸዋለህ?"

"አልፈልግም። ይልቅ እዚህ ጻፊው፤ ስሜንም። የሁሉም አሟሟት ከተጻፈ የእሱ አኗኗር ለምን ይደበቃል?"

ሮዌና አዲስ ወረቀት አመጣች። ኔል "እግሩን የላይኛው እርሻ ባለቤት ሲድ በጥይት መታው። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረ" ብላ ጻፈች። ሲድ በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ አነበበ።

"አምስት ነው። አንቺ በዓመቱ ነው ያየሽው።"

ኔል አራቱን ሰርዛ አምስት አደረገችው።

ለአንድ ሳምንት የታሰበው ትርኢት እስከ ነሐሴ መጨረሻ ቆየ። ሲድ በየቅዳሜው ከገበያ ሲመለስ ጎራ ይላል፤ ለማያውቅ ሰው የቀበሮውን ታሪክ ከመጀመሪያው ይነግራል። በሐምሌ ዶሮዎቹ አሥራ ሰባት ደርሰው ነበር፣ በነሐሴ ሃያ ሦስት።

"ቁጥሩን ላርማቸው እንዴ?" አለች ሮዌና ከመጽሐፍ መደርደሪያው ኋላ ሆና።

"ተዪው" አለች ኔል። "ዶሮዎቹ የእሱ ናቸው፤ እሱ ይቁጠራቸው።"