በነጩ ሹራብ ላይ የቀረው እጅ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚያልቅ ነገር አይመስለኝም ነበር፤ ጥፋቱም የእማማ ረውዳ ነው። ኮልፌ፣ አንድ ግቢ ውስጥ የምንኖር ጎረቤታችን ነበሩ፤ እናቴ ከገበያ እስክትመለስ አመሻሹን እሳቸው ቤት እቆያለሁ። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር በሻማና በከሰሉ ፍም ብርሃን ሹራብ እየሠሩ ያወጉኛል። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብለው ከጨረሱ በኋላ እንኳ «ከዚያስ?» ብዬ ከነዘነዝኳቸው የሞተውን ጅብ አስነስተው ሚስት ያጋቡታል።

ሹራባቸውም እንደዚሁ ነበር። በአንድ ቀለም ሠርተው ከጨረሱት በኋላ ሌላ ቀለም ያለው ክር በመርፌ እያስገቡ፣ የእያንዳንዷን የሹራብ ቀለበት መንገድ ተከትለው ይደርቡባታል፤ ቀስ በቀስ ከተረቱ እንስሳት አንዱ የሹራቡ ደረት ላይ ብቅ ይላል። «አረንጓዴ ጅብ የት አለ?» ብዬ ስሟገታቸው፣ «የተረፈኝ ክር አረንጓዴ ነው፤ ጅቡ ይቻለው» ይሉኛል።

አንዱን ብቻ ቀለም አላስነኩትም። ነጭ የሕፃን ሹራብ ነበር። ልጃቸው ሰሚራ ያለ ፈቃዳቸው አግብታ አየር ጤና ከገባች ወዲህ ሁለት ዓመት ተኳርፈዋል፤ መውለዷን ሲሰሙ ግን የኢድ ዕለት ያንን ይዘው ደጇን ሊያንኳኩ ቆረጡ። «ነጭ ይሁን፣ ነገር አያምጣብኝ» ይሉ ነበር።

በዋዜማው ምሽት መዳፌን ሂና ቀቡኝና «እስኪደርቅ ምንም እንዳትነኪ» ብለውኝ ወደ ጓዳ ገቡ። ልስላሴውን ብቻ ልሞክር ብዬ እጄን ሹራቡ ላይ አሳረፍኩ። ሳነሳው አምስቱም ጣቶቼ ደረቱ ላይ ቀሩ። ደንግጬ አጥፌ ትራስ ሥር ደበቅሁት፤ ሲያገኙት ሂናው ይዞ ብርቱካንማ ሆኗል። አልተቆጡም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። ሹራቡን ጭናቸው ላይ ዘረጉና፣

«የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» አሉ። «የፈሰሰበት ላይ ግን ጎመን ይበቅላል። በይ መርፌዬን አቀብዪኝ።»

ወፍ ያደርጉታል ብዬ ስጠብቅ፣ በቀይ ክር ዙሪያውን ብቻ ተከትለው እጅ እንደሆነ ተዉት።

በማግስቱ ይዘውኝ ሄዱ። ሰሚራ በሩ ላይ ቆመች እንጂ ግቡ አላለችንም። ሹራቡን ዘርግታ «ይሄ የማን እጅ ነው?» ስትል እኔ ከእማማ ረውዳ ቀሚስ ኋላ ተሸሸግሁ።

«የጎረቤት ልጅ ናት» አሉ። «አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ቤቴ ውስጥ ዕቃ የሚነካብኝ እሷ ብቻ ናት።»

ሰሚራ ሹራቡን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከዚያ ከበሩ ዞር አለችና «ግቢ፣ እማዬ» አለች።

ዛሬ እኔም ሹራብ እሠራለሁ። ሰዎች የተበላሸባቸውን ይዘው ሲመጡ መሸፈኛ እንድፈልግላቸው ይለምኑኛል፤ እኔ ደግሞ እድፉን በደማቅ ክር እከበዋለሁ፤ አንዳንዱ ይናደድብኛል። እማማ ረውዳ ካረፉ ቆይተዋል። ያለቀ ሹራብ ፊቴ ስዘረጋ ግን፣ ክር ከመምረጤ በፊት መዳፌን አሳርፍበትና «ከዚያስ?» ብዬ የምጠይቀው አሁንም እሳቸውን ነው።