የወንድሟ ሸሚዝ

ጽሕፈት የማይሆንልኝ ሰው ነኝ፤ ፊደሉም ብዙ ጊዜ ይጠፋኛል። መጽሐፍ የለመዳችሁ ሰዎች እንዳትስቁብኝ እፈራለሁ። የዚህችን ሴት ነገር ሌላ የሚጽፍላት ስላጣሁ ግን ደፈርኩ፤ ይቅርታችሁ አይለየኝ።

ሴትየዋ የሆቴል ልብስ ተኳሽ ናት። የሥራ ጓደኞቿ «ተኳሽ ተብላ ዝንብ ያልገደለች» እያሉ ይቀልዱባታል። ቀኑን ሙሉ ካውያ ስትገፋ ትውልና እግሯን እየጎተተች ቤቷ ትገባለች። እዚያም ሌላ ሥራ ይጠብቃታል።

ታናሽ ወንድሟ የዕፅ መርፌውን ትቶ ከማገገሚያ ሲመለስ እናታቸው አንድ ሕግ አውጥተው ነበር። ሲጋራ የሸተተ ዕለት ቤቱን ይለቃል። «ከድጡ ወደ ማጡ የወሰደው እሱ ነው» አሉ፤ ሲጋራው ሐሺሹን፣ ሐሺሹ መርፌውን ጠራ ባይ ናቸው። እባብ ያየ በልጥ ይደነብራል፤ ማን ይፈርድባቸዋል? እሳቸው እርጅና ማሽተት ስለነሳቸው ሥራው በሴት ልጃቸው አፍንጫ ላይ ወደቀ። ከሥራ ስትገባ ሸሚዙን ከሚስማር አውርዳ ታሸታለች። እሱ መጀመሪያ ሰሞን «እሺ፣ ዳኛዋ ምን ፈረደች?» እያለ ይስቅ ነበር። በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞር ጀመረ።

አንድ ማታ ኮሌታው ሥር የሲጋራ ሽታ አገኘች። እናቷ ከጓዳ «እህ?» ሲሏት፣ ሳሙና ሳሙና ነው የሚለው አለቻቸውና ወደ ጓሮ ወጣች። ወንድሟ የውሃ ታንከሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ ነበር።

«አጨስክ?»

«አጨስኩ፣ እትዬ።»

«እንግዲህ ጀመርክ በለኛ።»

ቀስ ብሎ መለሰላት። ያኔ አብረውት ያጨሱ ከነበሩት አንዱ ዛሬ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ አንዱ ልጆች ያሳድጋል፤ ከሲጋራ አልፈው የሄዱ የሉም። እሱ ብቻ ነው የሄደው።

«ታዲያ አንተን ምን ወሰደህ?»

«እኔስ ባውቀው። ሲጋራው ይሆናል፣ ሌላም ይሆናል። አሁን ግን ያ ነገር ሲመጣብኝ እጄን የምይዝበት ሌላ የለኝም። እዚህ ካስወጣችሁኝ የሚቀበሉኝ እነዚያው የድሮዎቹ ናቸው።»

እናቷም እውነት አላቸው፣ እሱም እውነት አለው፤ መሐል ላይ ደግሞ የደከመች እሷ አለች። አጠገቡ ተቀመጠች። «ሸሚዝ ማሽተት ሰለቸኝ» አለችው። እሱም «እኔም መሸተት» አላት። ሁለቱም ትንሽ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ሩቅ አልሄደም።

በማግስቱ ጠዋት አንድ በርጩማ ይዛ ወጥታ ጓሮ ግድግዳው ሥር አስቀመጠች፤ አጠገቡም ለአመድ መጣያ ባዶ ጣሳ። እናቷ በሩ ላይ ቆመው ምን እንደሆነ ጠየቋት።

«ትናንት ዋሽቼሻለሁ፣ እማዬ። ሲጋራ ነው የሸተተኝ፤ ሌላ ነገር የለም። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ፊታችን ተቀምጦ ያጭሳል። ሸሚዙን ግን አላሸትም።»

የእናቷን መልስ ሳትጠብቅ ነጠላ ጫማዋን በሥራ ጫማ ቀይራ ወጣች።