የቀሚሱ እጥፋት

ትምህርት ቤታችን ጣሪያውን ለማሳደስ ልባሽ ልብስ ሲሸጥ ተቀባይዋ እኔ ነበርኩ። ልብስ የሚያመጣ ወላጅ ሁሉ "አድጋ ጠበባት፣ ምን ላድርግ" ይላል፤ እያማረረ ነው የሚያወራው፣ ኩራቱ ግን አይደበቅም።

አንዲት ሴት አንድ የዩኒፎርም ቀሚስ ብቻ ይዛ መጣች። የሹራቧን ቁልፎች አዛንፋ ቆልፋለች።

"ጠበባት?" አልኳት እንደ ልማዴ።

"አይ፣ አልጠበባትም።"

ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አጠገቡ ቆመች። ሰው ባነሳው ቁጥር እጇ ይከተለዋል፤ ሲያስቀምጡት መልሳ ታስተካክለዋለች።

በመጨረሻ አንዲት እናት ልጇ ላይ ለካችውና "አጠራት እንጂ ደህና ነበር" አለች።

"ከታች እጥፋት አለው። ስታድግ እንዲለቀቅላት ብዬ ነው ያሰፋሁት" አለች ሴትየዋ። ከቦርሳዋ ትንሽ መቀስ አውጥታ ክሩን ቀስ ብላ ፈታችው። ፀሐይ ነክቶት የማያውቀው ጨርቅ ከሌላው ደምቆ ወጣ፤ በአውራ ጣቷ ደጋግማ ዳበሰችው።

"ተባረኪ፣ ልጅሽን ያሳድግልሽ" አለቻት እናትየዋ።

ሴትየዋ መቀሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ዓይኗን ከትንሿ ልጅ ላይ ሳትነቅል "አሜን" አለች።