ኤዶ ሐሊማ የሚያርሙት ማሳ

ጅጅጋ፣ ንጋት 12 ሰዓት

ፒክአፑ ከደጄ ሲነሳ ከባጃጆች በቀር መንገዱ ላይ ማንም የለም። ሾፌሩ አብዲ ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ፣ «ዛሬም ዛፍ ነው?» አለኝ።

«ዛሬስ አረም ነው።»

የደን ባለሙያ ነኝ፤ ከሰበታ መጥቼ ጅጅጋ ስኖር ስድስተኛ ዓመቴ ነው። የምሠራበት ፕሮጀክት ከቦምባስ ወጣ ብሎ ለጣውላ የሚሆን ግራቪሊያ የተባለ ዛፍ አስተክሏል። ዝናቡ ስለጀመረ አረሙ ሳይቀድመን ማሳውን ማየት ነበረብኝ።

ካራማራ፣ 1 ሰዓት

ተራራው ጉም ለብሷል። ኬላው ላይ በግ የጫነ አይሱዙ ይፈተሻል፤ የግመል ወተት በቢጫ ጀሪካን የያዙ ሴቶች መኪና ይጠብቃሉ። ከተራራው ወዲያ የመንገዱ ግራና ቀኝ በነጭ አበባ ተሸፍኗል። ለማያውቀው ያምራል። አረሙን ሶማሌዎች «ከሊጊ ኖሌ» ይሉታል፤ ብቻውን የሚኖር ማለት ነው። እሱ ባለበት ሣር አይበቅልም። ከብት ከበላው ወተቱ ይመራል። ሰው ሲነካካው ቆዳው ይቆጣል፤ የአንዳንዱንም ትንፋሽ ያሳጥራል።

ቦምባስ፣ 2 ሰዓት ተኩል

አንጄሮ፣ የሶማሌ ቂጣ፣ በጉበት፤ ወተት የበዛበት ሻይ። ምግብ ቤቱ ውስጥ አብዲ ከሰው ጋር በሶማልኛ ሲያወራ ቆይቶ ወደኔ ዞረ።

«ኤዶ ሐሊማ ታመዋል አሉ።»

ኤዶ አክስት፣ አዴር ደግሞ አጎት ማለት ነው። ኤዶ ሐሊማ ማሳውን የሚያርሙት ሴቶች አለቃ ናቸው። የግጦሽ መሬታቸውን ለዛፍ የሰጡት ባለቤታቸው አዴር አደን ሲሆኑ፣ የሰጡትም እኔን አምነው ነው። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ማሳው፣ 4 ሰዓት

አምና በበጋ መሬቱን በትራክተር ያሳረስኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን አዴር አደን፣ «ሣሩን ከገለበጥከው ማን ይመልሰዋል?» ብለውኝ ነበር። ጉድጓዱን ብቻ አስቆፍሬ ሣሩን መተው እችል ነበር። ሥራው እንዲፈጥን ብዬ አራቆትኩት። ዝናብ ሲመጣ ባዶውን አፈር ከሊጊ ኖሌ ያዘው።

ሌሎቹ ሴቶች እጃቸው ሲቆስል ትተው ሄደዋል። ኤዶ ሐሊማ ብቻቸውን ተንበርክከው ያርማሉ። ፊታቸው አብጧል፤ ሲተነፍሱ ደረታቸው ያፏጫል። ባቢሌ ወተት ሲሸጡ በለመዱት አማርኛ ሰላም አሉኝ።

«ኤዶ፣ ሐኪም አላዩም?»

«አይቻለሁ። ከዚህ አረም ራቂ አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አይርቁም?»

«ካላረምኩት ዛፉ ይሞታል። መሬቱ እንደሆነ ሄዷል። ዛፉም ከሄደ ልጆቼን ምን እላቸዋለሁ?»

የቀሩት ችግኞች አንድ መስመር ተኩል ቢሆኑ ነው፤ ከጉልበት አያልፉም፣ ቅጠላቸውም ቢጫ ነው። ከአረሙ በላይ እስኪወጡ ገና ሁለትና ሦስት ዓመት መታረም አለባቸው። ጣውላ እንደማይሆኑ ነገርኳቸው።

«ያኔም አውቃለሁ ብለኸኝ ነበር» አሉና ወደ አረማቸው ተመለሱ።

አዴር አደን ክንዴን ይዘው ወደ መኪናው ወሰዱኝ። እሳቸው ሲናገሩ አብዲ ያስተረጉማል።

«ተኝታ አታውቅም፤ ቁጭ ብላ ነው የምታድረው። ችግኙ እስካለ ማረም አትተውም። እኔ ብነቅለው ዕድሜ ልኳን ትቀየመኛለች። አንተ ተከልክ፣ አንተ ንቀል።»

ዶማ ሰጡኝ። በሥራዬ ብዙ ዛፍ ተክያለሁ፤ ቆሞ ያለ ችግኝ ነቅዬ ግን አላውቅም። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ኤዶ ሐሊማ መጥተው የዶማውን እጀታ ያዙ። ጉልበት አልነበራቸውም። ትንፋሻቸው ተቆራርጦ መሬት ላይ ተቀመጡ። ባለቤታቸው ውሃ ይዘውላቸው አጠገባቸው ቁጢጥ አሉ። እኔ እስከ መጨረሻው ነቀልኩ።

ስጨርስ ኤዶ ሐሊማ ቀና ብለው አዩኝ። «ከእንግዲህ በዱዓዬ ውስጥ የለህም» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ።

ጅጅጋ፣ 10 ሰዓት

ቢሮ ስገባ አለቃዬ የማሳውን ቅጽ ዘርግተው እየጠበቁኝ ነበር።

«ስንቱ ተረፈ?»

«አንድም።»

«ድርቅ ልበለው?»

«አይደለም። ሣሩን ገልብጬ ያሳረስኩትም እኔ፣ የነቀልኩትም እኔ ነኝ። እንደዚያው ይጻፉት።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ኤዶ ሐሊማስ?» አሉኝ።

«ከማሳው ወጥተዋል» አልኳቸው። ከዚያ በላይ የማውቀው ነገር አልነበረም።