ድምፁን የማይለውጠው መርማሪ

ኢየሩሳሌም፣ ኢትዮጵያ መንገድ አጠገብ ባለችው ጠባብ ቤታችን፣ ከአባቴ ጋር አንድ የድሮ ተከታታይ የሰላዮች ፊልም እናያለን። እሳቸው ዕብራይስጥ ስለማያውቁ፣ ከሥር የሚጻፈውን እንደ አቅሜ እተረጉምላቸዋለሁ።

በፊልሙ ውስጥ አንድ መርማሪ አለ። እስረኛውን ብድግ ብሎ ይቀበላል፤ ሻይም ይቀዳለታል። የሚያስፈራኝ መግደሉ ሳይሆን፣ ሲገድልም ድምፁ አለመለወጡ ነው።

አባቴ ግን በጎንደር ደንብ ለኩት። «ይኼስ የጨዋ ልጅ ነው» አሉ።

«አይ አባየ፣ ክፉ ነው።»

«እስቲ ዝም በይ! ክፉ ሰው ለእንግዳ ይነሣል? የእህትሽን ማመልከቻ የያዘው ፓኪድም ልክ እንደሱ ነው። ብድግ ብሎ ነው የሚቀበለኝ። እሱ ያመጣታል።»

ያ ፓኪድ፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ባለፈው ሳምንት፣ በለስላሳ ድምፁ፣ እህቴ ከጎንደር እንደማትመጣ በዕብራይስጥ ነግሮኛል። ለአባቴ አልተረጎምኩላቸውም።

አሁን ልንገራቸው ብዬ ቀና ስል፣ እጃቸውን ዘርግተው ፓኪዱን ይመርቁታል።

አሜን አልኩ።