ወደ ጉሮሮ የሚያይ ጥርስ

በየሐሙሱ ሙዚየሙ ገና ሲከፈት ሽማግሌው ይመጣል። ሰፊ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ የአውስትራሊያዋን ኩዊንስላንድ ቀይ አቧራ ከጫማው እያራገፈ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ባለው በጥንቱ የባሕር ተሳቢ እንስሳ መንጋጋ ፊት ይገተራል። ጠባቂዋ ሎሬል ስሙን አታውቅም። የምታውቀው አርባ ዓመት ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሞርድ መኖሩን ነው፤ የጣቶቹ ጫፍ ተልጎ ለስልሷል።

«ልጄ፣ ሦስተኛው ጥርስ ዛሬም እንደዞረ ነው» ይላል። «አጠገቡ ያለችውን የውኃ አይጥ እያት። እሷ የምትቦረቡረው በፊት ጥርሷ ነው፤ ስለዚህ ጠንካራው ብርቱካናማ ገጽ ወደ ከንፈሯ ዞሯል። ይሄኛው ግን የያዘውን ይውጣል፤ ጫፉ ወደ ጉሮሮው መቆልመም አለበት። እናንተ እንደተከላችሁለት ቢሆን፣ ዓሣው ሁሉ እየሾለከበት በረሃብ ያልቅ ነበር።»

ሎሬል ለአለቆቿ ሦስቴ ጽፋለች፤ መልስ የለም። የአስተያየት ደብተሩንም እሱ ብቻውን ጨርሶታል። ዛሬ መረራት።

«አባባ፣ ስንቴ ልንገርዎት? ሣጥኑ አንዴ ከታሸገ አይከፈትም።»

ሌላ ጊዜ ይሟገታት ነበር። አሁን ግን ባርኔጣውን በእጁ አሽከረከረ።

«ባለቤቴ የሞተች ጊዜም እንዲሁ ነው ያሉኝ» አላት። «ጥርሷን የሠራሁላት እኔ ነኝ። አስከሬን አዘጋጆቹ የላይኛውን ከታች አድርገውባት፣ ከንፈሯ አልገጥም ብሎ አየሁት። ሰው ጠርቼ እስክመለስ ሣጥኑ ታሽጎ ጠበቀኝ።»

ሎሬል መሳቢያዋን ከፍታ ካቻቢቴ አወጣች።